ለዘር ነው

ግንቦት 3

ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? ያቺ ስፌት መኪናስ ዛሬም እንደ ልማዷ ክር ትበጥሳለች? ለእትዬ ሰላምታዬን ጎንበስ ብለህ አድርስልኝ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከድካም በቀር ምንም አልሆንኩም።

ፖስታውን በቀስታ ክፈተው፣ እንዳትቀደው። ውስጡ በትንሽ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር አለ። ብር መስሎህ እንዳትደሰት፤ ዘር ነው።

የማስታምማቸውን ሽማግሌ ነግሬሃለሁ። እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን የፈጁት ከቤታቸው ጀርባ ሰው የማያውቀውን ሥራ ሥር በማብቀል ነው። ነጭ ካሮት በለው፣ ወይን ጠጅ ካሮት በለው፣ ቡጢ የሚያህል ፊጅል በለው፣ የሌላቸው የለም። ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ግን አንድ ጥቁር ሥር አላቸው። መልኩን ስታየው ከሰል ነው፤ ሲላጥ ንጣቱ ያስደነግጣል። ተቀቅሎ ሲበላ ደግሞ ድንችና ለውዝ የተጋቡ ይመስላል።

አሁን ጓሮው ተሽጧል። የሸጡት ልጆቻቸው ናቸው፤ ሕንፃ ሊቆምበት ነው። እሳቸውም መስኮት እንጂ መሬት የሌለው ፎቅ ላይ ሊዛወሩ ነው። የሌላውን ዘር ለዚያም ለዚህም አደሉት። ጥቁሩን ግን «ማን እሱን ሲልጥ ይውላል» እያለ ሁሉም መለሰላቸው። አንድ ቀን ጫማቸውን ሳስር «አንቺስ ሰው የለሽም?» አሉኝ። አፌ ቀደመኝና «ወንድሜ ገበሬ ነው፣ ሰፊ ነው መሬቱ» አልኳቸው። መሬቱን እንጃ እንጂ ሰፊስ ነህ።

ያላቸውን ሁሉ አራግፈው ሰጡኝ። ጋሼ፣ ይሄ ዘር እንደ ባቄላ ተቀምጦ አይቆይም፤ ዓመት ካለፈው አይበቅልም። እጅህ ላይ ያለው የመጨረሻው ነው፣ አንተ ጋ ከጠፋ ጠፋ። እሳቸው የሚፈልጉት ሌላ ምንም አይደለም፤ ሳይሞቱ አንድ እፍኝ አዲስ ዘር ተመልሶ መዳፋቸው ላይ ማየት ብቻ ነው። «በእኔ ይሁንብዎ» ብያለሁ።

አፈሩን ጠለቅ አድርገህ ቆፍር፤ ድንጋይ ካገኘው እግሩ መንታ ይሆናል። ሲደርስ አትጎትተው፣ ይሰበራል፤ ጎን ጎኑን ቆፍረህ አውጣው። መንታውንና ጠማማውን ብሉት። ቀጥ ያለውን፣ ዓይን የሚገባውን ግን መልሰህ ቅበረው፤ በዓመቱ አብቦ ዘር የሚሰጠው እሱ ነው። «መጥፎው ለሆድ፣ ጥሩው ለአፈር» ይላሉ ሽማግሌው።

አፏ የማያርፈው እህትህ


ሰኔ 20

ለእቱ ዓለም፣

ሰላምታዬ እንደ ጥሩ ስፌት ሳይተረተር ይድረስሽ። እኔና እትዬሽ ደህና ነን። ወገቤን ለጠየቅሽው፣ ወገብ እንዳለኝ የማውቀው ሲያመኝ ነው።

ዘሩ ደርሷል። ስከፍተው እትዬሽ ከኋላዬ ቆማ «ይሄ ዘር ነው ወይስ ከሱሪ የተተረተረ ክር?» አለች። እውነቷን ነው፤ አንድ ፍሬ ወለሉ ላይ ወድቆብኝ ከክር ቁርጥራጭ መሃል ለቅሜ ለማግኘት በጉልበቴ ስድህ ዋልኩ።

ገበሬ መሆኔን ሳነብላት ደግሞ እስክትንከተከት ሳቀች። ጓሮአችንን ታውቂዋለሽ፣ አንድ ብርድ ልብስ ካሰጣንበት ሞላ። ስሜ ሰፊ፣ ቤቴ ጠባብ! ግን ላንቺ ብዬ ቆፈርኩት። ያልወጣ ነገር የለም፤ ጡብ፣ የጫማ ሶል፣ አባታችን ጠፋብኝ ብሎ ሰፈሩን የበጠበጠበት መዶሻ ሳይቀር። አፈሩን በወንፊት ነፋሁት። መስመሩን በሜትሬ ለክቼ፣ ክር ወጥሬ ነው የዘራሁት። እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ እርሻ የትም አታገኚም።

ለሽማግሌው እንዲህ በይልኝ፤ ዘርዎ አደራ ነው። ብዙ ስም ወጥቶልኛል፣ አደራ በላ ተብዬ ግን አላውቅም፤ አልባልምም።

ሰፊው ወንድምሽ


መስከረም 28

ለወንድም ጋሼ፣

ዘመኑ የደስታ፣ እጅህም የበረከት ይሁን። እትዬን ሳምልኝ።

ሽማግሌው አዲሱ ክፍል ገብተዋል። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ከመስኮቱ ሥር የመኪና ማቆሚያ። ጠዋት በሩን ስከፍት እንደ ሰው «እንደምን አደርሽ» አይሉም፤ «በቀለ ወይ?» ነው የሚሉኝ። ቅጠሉ ረዝሟል ያልከውን ስነግራቸው ሾርባቸውን ጨረሱልኝ።

አሁን ፎቶ አምጪ እያሉኝ ነው። አንተን ከእርሻህ ጋር። ጋሼ፣ አደራህን፣ የጓሮው አጥር እንዳይታይ። ሰፋ ያለ ቦታ ፈልግና እንደምንም በል። ውሸቱ የእኔ ነው፣ ማላበሱ ግን ያንተ ሙያ ነው።

እህትህ


ጥር 16

ለእቱ ዓለም፣

ናፍቆቴን በሜትር ብለካው ጥቅልሉ አይበቃም። ደህና ነሽ ወይ? እኛ አለን።

ሥሩ ደረሰ! መንታ መንታውን አውጥተን ቀቀልነው። እትዬሽ መጀመሪያ «እኔ ከሰል አልበላም» ብላ ነበር፤ በኋላ ድስቱን የጠረገችው እሷ ናት። አንድ ነገር ግን አልነገርሽኝም። ሲቆረጥ ወተት የመሰለ ነገር ያወጣል። እሱ ጣት ላይ ይደርቅና ይጠቁራል፤ በሳሙና ቢሉት በአሸዋ ቢሉት አይለቅም። አንዲት እናት የልጇን የሠርግ ቀሚስ ልታስጠብብ መጥታ ጣቴን አየችና «ሌላ ጊዜ እመጣለሁ» ብላ ነጩን ልብስ ደረቷ ላይ አጣብቃ ወጣች።

በዚህ ላይ ሰፈሩ ስም አወጣልኝ። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ሥር ማሽ! ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ። ጥቁር ሥር ከጓሮው ሲያወጣ የታየ ሰው ሌላ ምን ይባላል? አንዱ ጎረምሳ ሱሪውን ስለካለት ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብሎ «መስተፋቅር ይኖርሃል?» አለኝ። «አለኝ፣ ሱሪህ ካጠረልህ ትወድሃለች» አልኩት። እቀልዳለሁ እንጂ እቱ፣ ያሳፍራል። ሳልፍ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ጉያቸው ሲሰበስቡ ማየት በጣም ያሳፍራል።

ቀጥ ቀጥ ያሉትን መርጬ መልሼ ቀብሬያለሁ። ባለፈው ሳምንት የወፍጮ ቤቷ ሴት ሽርጥ ልታሰፋ መጥታ ጓሮ ዘለቀችና «ሌላውን ነቅለህ እነዚህን ለምን ተውካቸው?» አለችኝ። «ይሄ ለዘር ነው» አልኳት። ከዚያ ዓይኗ እንባ አቀረረና የምርቃት መዓት አወረደችብኝ። ለአንድ መደብ አትክልት ይሄ ሁሉ ምርቃት ምን ይባላል? ሰው ሆደ ባሻ ሆኗል ብዬ አለፍኩት።

ፎቶው ይኸው። ከወንዙ ማዶ ሄጄ ነው የተነሳሁት። ኮቱ የደንበኛ ነው፣ አካፋው የተውሶ ነው፣ ማሳው የሰው ነው። የራሴ ጥርሴ ብቻ ነው።

ገበሬው


የካቲት 25

ለወንድም ጋሼ፣

ሰላምህ ይብዛ። ፎቶው ደረሰ። ምነው መንገድ ላይ በቀረ!

ሽማግሌው መስኮቱ ጋ ይዘውት ቆሙ። የማጉያ መነፅራቸውን አወጡ። አንተን አላዩህም፣ እግርህ ሥር ያለውን ቅጠል ነው የሚያዩት። ብዙ ቆይተው «ወንድምሽ ጥሩ ድንች አለው» አሉኝ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ቢቆጡ እንኳ ይሻለኝ ነበር። «ልጄ፣ ድንቹን ተይውና ጥቁሩን ንገሪኝ። አለ ወይስ የለም?» አሉ። «አለ» አልኩ፤ እውነቱንም ዘረገፍኩላቸው። ልብስ ሰፊ ነው፣ ጓሮው ብርድ ልብስ ያህላል፣ ግን በሜትር ለክቶ ነው የዘራው አልኳቸው። በሜትር የሚለውን ሲሰሙ ፊታቸው ፈካ። «ከገበሬ ይሻላል» አሉኝ።

ከዚያ ዘሩ የነበረበትን አሮጌ የወረቀት ከረጢት አሳዩኝ። ላዩ ላይ ዘሩን ያቆዩት ሰዎች ተጽፈዋል። ስም የለም፣ ሙያ ብቻ ነው። «የፖስተኛው» ይላል። ከሥሩ «የአዋላጇ»። ከሥሩ «የአናጢው»፤ አናጢው እሳቸው ናቸው። ከእሳቸው ሥር ባዶ ነው። «እዚህ ጋ የሰፊው ብዬ በእጄ ሳልጽፍ አልሞትም» አሉ። እጃቸው ግን ማንኪያ መያዝ እያቃተው ነው ጋሼ።

እህትህ


ሚያዝያ 30

ለእህቴ፣

እንደምን ከረምሽ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ዝናቡ ዘግይቷል። እትዬሽን ጉንፋን ይዟት ተሽሏታል።

ሥሩ ደህና ነው።

ምናልባት እዚያ ከረጢት ጥግ ላይ የቀረ ዘር ይኖር ይሆን? እስቲ ገልብጠሽ አራግፊው። ለመጠባበቂያ ያህል ነው።

ወንድምሽ


ግንቦት 22

ለወንድም ጋሼ፣

ሰላም ላንተና ለቤትህ ይሁን።

ጋሼ፣ ምን ሆነሃል? አንድ ገጽ ሙሉ ሳትቀልድ ጽፈህ አታውቅም። «ሥሩ ደህና ነው» ብለህ ዘወር ስትል ጥርጣሬ ገባኝ። ከረጢቱን አራግፌዋለሁ፤ አቧራ ብቻ ነው የወጣው። ቢወጣ ኖሮስ? ዓመት አልፎት የለ! ዓመት ያለፈው አይበቅልም ብዬህ መጠባበቂያ የምትለኝ ምን ቢቸግርህ ነው?

ሽማግሌው ከአልጋ መነሳት ትተዋል። እኔን አታስዋሸኝ። ሥሮቹ አሉ ወይስ የሉም?

እህትህ


ሰኔ 29

ለእቱ፣

የሉም።

ይቺን ቃል ጽፌ ስንት ወረቀት እንደቀደድኩ አትጠይቂኝ። አሁን ሁሉንም ልንገርሽና የፈለግሽውን በይኝ።

የወፍጮ ቤቷን ሴት ታስታውሻለሽ? ለአንድ መደብ አትክልት ስትመርቀኝ ውላለች ብዬ የሳቅኩባት። ሴትየዋ ልጅ የላትም። ባሏ «ዘር አልሰጠሽኝም» ብሏት ሌላ ቤት ከሠራ ቆይቷል። ይሄን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። አውቄ ነው እንግዲህ ጥቁር ሥር እያሳየሁ፣ ሥር ማሽ በተባልኩበት አፌ፣ «ይሄ ለዘር ነው» ያልኳት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ!

ፎቶውን በላክሁልሽ ማግስት ነጠላዋን ተከናንባ መጣች። ጣቶቿ ዱቄት እንደለበሱ ነው። «ያንን ለዘር ያልከኝን ስጠኝ» አለችኝ። ያኔ ገባኝ። ላስረዳት አፌን ከፈትኩ። ምን ልበላት? «የሥሩ ዘር እንጂ የሰው ዘር አይደለም» ልበላት? የምቀልድባት መሰለኝ። እንባዋ ዱቄቱ ላይ እየተንጠባጠበ ሊጥ ሆነ። ጎንበስ ብዬ ቆፈርኩና ሰጠኋት። ከሁሉ ቀጥ ያለውን።

በሳምንቱ ሌላዋ መጣች። ከዚያ እህቷ፣ ከዚያ የእህቷ ጎረቤት። ለአንዷ ሰጥቼ ለአንዷ ብነፍግ ምን ይሉኛል? ይሄ ምን ይሉኛል ነው የጨረሰኝ። ሳንቲም አልተቀበልኩም፤ ይሄንን ስልሽ ግን ንጹሕ ነኝ ማለቴ አይደለም። አንዷ «እንዴት ነው የሚወሰደው?» ብትለኝ «ልጠሽ፣ ቀቅለሽ» አልኳት። እዪኝ እንግዲህ፣ መድኃኒት አዋቂ ሆኜ! ጓሮው ጉድጓድ ብቻ ሆነ። እትዬሽ እስከ ዛሬ በቅጡ አታናግረኝም።

የባሰውን ደግሞ ልንገርሽ። ሥር ማሽ ብለው ሲሸሹኝ አፍሬ ነበር። በኋላ ግን ሳልፍ ከመቀመጫቸው ይነሱልኝ ጀመር፤ «ጋሼ፣ ጋሼ» አሉኝ። እኔም ደስ አለኝ። ዕድሜ ልኬን የሰው ሱሪ ሥር በርከክ ስል ኖሬ ተነስቶልኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ዋናው እፍረቴ ይሄ ነው እቱ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

አደራ በላ አልባልም ብዬሽ ነበር። ይኸው ለሰፈር አስበላሁት።

ወንድምሽ


ነሐሴ 12

ለወንድም ጋሼ፣

ልቆጣህ ተቀምጬ ነበር። ከዚያ የራሴን አስታወስኩና ተውኩት።

ደብዳቤህ በደረሰኝ ቀን ሽማግሌው «አበበ ወይ?» አሉኝ። «አበበ» አልኳቸው። «ቀለሙስ?» «ቢጫ»። እሳቸው የነገሩኝን ነው መልሼ የነገርኳቸው። «ጠዋት ተከፍቶ ቀትር ላይ ይዘጋል፣ አይደል?» አሉ። «አዎ፣ ወንድሜም ገርሞታል» አልኩ። ፈገግ ብለው አንቀላፉ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ የሌለ አበባ እያጠጣሁ ነው። ዓይናቸውን ማየት አልችልም፤ ሳጥባቸው ጀርባቸውን አስቀድማለሁ።

ስለዚህ አንተን የምወቅስበት አፍ የለኝም። አንድ ነገር ግን እለምንሃለሁ። የሰጠሃቸው ሴቶች ጋ ሂድ። ምናልባት ያልበላችው ትኖራለች፣ ምናልባት አንዱ ጥግ የጣለችው ይኖራል። ታፍራለህ፣ አውቃለሁ። አፍረህ ሂድ።

እህትህ


ኅዳር 19

ለእቱ ዓለም፣

ይህ ደብዳቤ ሽማግሌው ዓይናቸው እያየ ይድረስሽ። ሌላ ምርቃት የለኝም፤ እሱን ብቻ ነው ስለምን የከረምኩት።

ደብዳቤሽን ኪሴ ይዤ ብዙ ቀን ሳልሄድ ቆየሁ። በመጨረሻ መስከረም አጋማሽ ላይ ወጣሁ። የመጀመሪያዋ «በላሁት፣ ሆዴን ነፋኝ» አለችኝ። ሁለተኛዋ ባሏ አይቶ እሳት ውስጥ ወርውሮታል። አንዷ በር ሳትከፍት «ተወኝ፣ ምንም አልሠራልኝም» ብላ ጮኸችብኝ። ወፍጮ ቤቱን መጨረሻ ያደረግሁት ፈርቼ ነው።

እቱ፣ ከደረጃው ጎን፣ በሩ ሥር፣ ወገቤ ድረስ ቆሟል። ቢጫ! አምስት ስድስት አበባ አንድ ላይ ፀሐይ ላይ ተከፍቶ። ለካስ አንዲት አሮጊት «መድኃኒት አይበላም፣ ደጃፍ ነው የሚቀበር» ብላ መክራት ኖሯል። ቀበረችው። ጠዋት ጠዋት ወፍጮውን ሳትከፍት ታጠጣዋለች።

ወደ ውስጥ ገባሁ። ሰዉ ጆንያውን ይዞ ተሰልፏል፣ ሞተሩ ጆሮ ያደነቁራል። ጠጋ ብዬ ቀስ ብዬ ነገርኳት። «ምን?» አለች። ደገምኩ። «አልሰማሁህም!» አለች። በቃ ባለ በሌለ ኃይሌ «መድኃኒት አላውቅም! ለዘር ነው ያልኩሽ ለሥሩ ዘር ነው!» ብዬ ጮህኩ። ለካስ ልትሰማኝ ብላ ሞተሩን አጥፍታዋለች። ዝም ባለ ቤት ውስጥ ነው የጮህኩት። የተሰለፈው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንዱ ከት ብሎ ሳቀ። እሷ ግን እጇን ሽርጧ ላይ ጠረገች፤ ያንን እኔ የሰፋሁላትን።

«አበባ ሲያወጣ ገብቶኛል» አለችኝ። «ምነው ያኔ አልነገርከኝም?»

«አፈርኩ» አልኳት።

«ለእኔ ነው ለራስህ?»

ስለ ሽማግሌው ነገርኳት፣ ሳይሞቱ ዘሩን ማየት እንደሚፈልጉ ነገርኳት። «የራሴ ደጃፍ ነው፣ እኔ እለቅመዋለሁ» አለችና ሞተሩን አስነሳችው።

የአበባው ራስ ሲፈነዳ ጥጥ ይሆናል፤ ንፋስ ከቀደመሽ አለቀ። እሷ በየማለዳው ነፋስ ሳይነሳ የዱቄት ጆንያ ዘርግታ ስትለቅም ከረመች። ትናንት ሱቄ መጣች። ደንበኛ ነበረኝ፤ አላፈረችም። ጨርቅ መቁረጫዬ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግታ ዘሩን እኩል ከፈለችው። ግማሹን ወደ እኔ ገፋችና «ለዘር ነው አልከኝ። ይኸው ዘር» አለችኝ። አልሳቀችም። እኔም አንገቴን ደፋሁ።

ስለ ከረጢቱ ነገርኳት፤ የፖስተኛው፣ የአዋላጇ፣ የአናጢው እንደሚል። አዋላጇ ጋ ስደርስ «አዋላጅም ይዛው ነበር?» አለች።

«ይዛው ነበር» አልኳት።

«ዘመዳሞች ናቸው?»

«አይደሉም። ያቆዩት ሰዎች ናቸው።»

ጣቷን ዘሩ ላይ አሳረፈች። ከዚያ «ሳይወላለዱም ይጻፋል ማለት ነው?» አለችኝ።

«ይጻፋል» አልኳት።

ስለዚህ ፖስታውን በቀስታ ክፈቺው፤ አንድ ፍሬ እንዳይወድቅ። ዘሩን መዳፋቸው ላይ አድርጊላቸው። የሌለውን አበባ ነገርም ንገሪያቸው፤ ያኔ አልዋሸሽም ነበር፣ ሳታውቂው እንጂ አበባው ነበረ። እጃቸው እምቢ ካለም ብዕሩን አብረሽ ያዥላቸው። «የሰፊው» ብለው እንዳይጽፉ ግን አደራ። «የወፍጮ ቤቷ» ይበሉ። ቃል ገብቼላታለሁ።

ወንድምሽ